ከአሞራ ገደል እስከ ሰሜን ስዊድን፦ ለረጅም ክረምት በሌሊት ባቡር የሚሄድ መንገደኛ መመሪያ

አሞራ ገደል አሳ ሳይበላ ከሐዋሳ ወደ ውጭ የሚሸኝ ሰው ጥቂት ነው። በሽኝቱ ማዕድ ዙሪያ ስለ ቪዛ፣ ስለ ኪሎና ስለ ቦሌ የሚመክር ሞልቷል። ከአውሮፕላን ከተወረደ በኋላ ስላለው መንገድ ግን የሚናገር አይገኝም። አራስ ልጃቸውን ሊያርሱ የሚሄዱ እናትም ሆኑ በጥር ትምህርት የሚጀምር ወጣት፣ መድረሻቸው የስዊድን ሰሜን ከሆነ፣ ስቶክሆልም አርፈውም ገና አንድ ሌሊት በባቡር ይቀራቸዋል። ሐዋሳ ደግሞ ሐዲድ የላትም፤ ከእኛ ብዙዎቹ ባቡር ያዩት ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ፣ ሞጆ አካባቢ፣ የጅቡቲውን መስመር በመኪና መስኮት ነው።

እዚህ የምከተለው መንገድ ከሐዋሳ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ስቶክሆልም አርላንዳ በኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ ከዚያ በባቡር ወደ ኡሜዮ፣ ሉሌዮ ወይም ኪሩና ነው። ወደ ሌላ የሰሜን አገር የምትሄዱ ከሆነም የጣቢያውን ስም ቀይራችሁ አብዛኛውን ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

1. ከመጨረሻው ደጃፍ ወደ ኋላ አስሉ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የአውሮፕላን ትኬት ይገዛል፣ ባቡሩን «እዚያ ስደርስ አየዋለሁ» ብሎ ይተወዋል። በእነሱ በጋ ይሆን ይሆናል፤ በበረዶ ወቅት ግን አልጋው ያልቃል፣ ዋጋው ይወጣል፣ እናንተም ጣቢያ ላይ ትቀራላችሁ። ስለዚህ ወረቀት አውጡና ከታች ወደ ላይ ጻፉ፦ የምታርፉበት ቤት አድራሻ፣ ለቤቱ የሚቀርበው ጣቢያ፣ ባቡሩ እዚያ የሚደርስበት ሰዓት፣ ጣቢያ ድረስ መጥቶ የሚቀበላችሁ ሰው ስልክ። የአውሮፕላኑ ቀን የሚቆረጠው ይህ ከታወቀ በኋላ ነው።

የጣቢያ ስም ላይ ተጠንቀቁ። ኡሜዮ ውስጥ ሁለት ጣቢያ አለ፦ ማዕከላዊው «ኡሜዮ ሴ» እና «ኡሜዮ ኦስትራ»። ኦስትራ ለዩኒቨርሲቲውና ለትልቁ ሆስፒታል የቀረበ ነው፤ ተማሪ ከሆናችሁ ሁለት ሻንጣ እየጎተታችሁ ከተማውን ከማቋረጣችሁ በፊት ባቡራችሁ እዚያ ይቆም እንደሆነ አጣሩ። ወደ ሉሌዮና ወደ ኪሩና የሚሄዱት መስመሮች ደግሞ የሚለያዩት ቦደን ላይ ነው። ትኬታችሁ ላይ የባቡር መቀየሪያ ተብሎ ቦደን ከተጻፈ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ለይታችሁ ያዙ፤ እዚያ ተኝቶ ያለፈ ሰው ወደ ሌላ ከተማ ነው የሚሄደው።

ርቀቱን እወቁት። ከስቶክሆልም ኡሜዮ በቀን ባቡር ስድስት ሰባት ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። ሉሌዮ በሌሊት ባቡር ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አራት ሰዓት፣ ኪሩና ከዚያም በላይ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ኡሜዮ የሚሄድ ሰው የሌሊቱን ባቡር ይተወውና የቀኑን ይያዝ፤ ገና እንቅልፍ ሲወስደው ውረድ ይባላልና። የሌሊት ባቡር ዋጋ ያለው ለሉሌዮና ከዚያ ወዲያ ላለው ነው፤ የሆቴል ወጪን ያድናል፣ ጠዋት ደግሞ የሚቀበላችሁ ሰው ነቅቶ ይጠብቃል።

የአዲስ አበባው አውሮፕላን ብዙውን ጊዜ ስቶክሆልም የሚያርፈው ማለዳ ነው፤ የሌሊቱ ባቡር የሚነሳው ማታ። መሃል ላይ ያለው ረጅም ቀን ያሰለቻል፤ ቢሆንም አታሳጥሩት። አውሮፕላኑ ቢዘገይ፣ ሻንጣ ቢጠፋ፣ የድንበር ሰልፍ ቢረዝም የሚያድናችሁ እሱ ነው።

2. ሰዓቱንና ቀኑን በራሳችሁ እጅ ቀይሩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። የባቡር ትኬት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጻፋል፤ ቀኑም እንደ ፈረንጆች እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል። የእኛ ሰው ደግሞ ሌሊቱን ካለፈው ቀን ጋር ነው የሚቆጥረው። ባቡር አምልጦት የሚያድረው መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ትኬቱ ላይ ካለው ሰዓት 6 ቀንሱ፤ የቀረው 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 12 ደግማችሁ ቀንሱ፤ ዜሮ ከሆነ 12 ብላችሁ አንብቡት። 22፡10 የሚል ከሆነ 6 ሲቀነስ 16፡10፣ 12 ሲቀነስ 4፡10 ይሆናል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ10 ማለት ነው። ከ6 በታች ለሆኑት ቁጥሮች ግን 6 ደምሩ፦ 00፡20 ማለት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ20 ነው።

አደገኛው ይኸኛው ነው። ትኬታችሁ «ጃንዋሪ 13፣ 00፡20» ካለ ጣቢያ መገኘት ያለባችሁ በጃንዋሪ 12 ምሽት ነው። በ13 ማታ ብትሄዱ ባቡሩ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሞላው ነው። ትኬቱ እንደደረሳችሁ ከጀርባው በብዕር በአማርኛ ጻፉበት፦ «ሰኞ ማታ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ከ20»። ለወላጆቻችሁ ትኬት የምትልኩ ልጆችም ይህን ሳትጽፉ አትላኩ።

ስዊድን በበረዶው ወቅት ከኢትዮጵያ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስታርፉ ስልካችሁ ራሱን ያስተካክላል፤ የእጅ ሰዓታችሁን ግን እናንተ ናችሁ የምታስተካክሉት።

3. ወረቀቱን ከቆይታው ርዝመት ጋር አገናዝቡ

የሼንገን የጉብኝት ቪዛ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቀምጥም። የገባችሁበትና የወጣችሁበት ቀን ሁለቱም ይቆጠራሉ። «ሦስት ወር» ብላችሁ በወር አትቁጠሩ፤ ሦስት ወር ብዙ ጊዜ 91 ወይም 92 ቀን ነውና። አራስ የሚያርሱ እናት ከ90 ቀን በላይ መቆየት ካሰቡ፣ ለጎብኚ የሚሰጥ የመኖሪያ ፈቃድ የሚባል ሌላ ማመልከቻ አለ፤ እሱን ከመነሻው መያዝ ይሻላል። ተማሪ ደግሞ የተማሪ የመኖሪያ ፈቃድ ያመለክታል። ፈቃዱ ተሰጠ ማለት ብቻውን አያሳፍርም፤ ለፎቶና ለጣት አሻራ ከሐዋሳ አዲስ አበባ ኤምባሲ ድረስ የምትመላለሱበትንና ካርዱ እስኪመጣ የምትጠብቁበትን ጊዜ አስቡ።

በጉብኝት ቪዛ የሚሄድ ሰው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትና ያስፈልገዋል። የዋስትናው ቀን የባቡሩንና የመመለሻውን ቀን እንዲሸፍን አድርጉ።

ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ የአውሮፓ ድንበሮች ለአጭር ቆይታ የሚገባውን መንገደኛ በጣት አሻራና በፎቶ መመዝገብ ጀምረዋል። ይህ ሰልፉን ሊያረዝመው ይችላል፤ ቀኑን አታሳጥሩ ያልኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የጥሪ ደብዳቤ፣ ዋስትና፣ የመመለሻ ትኬትና የባቡር ትኬት በወረቀት ታትመው በእጅ ቦርሳ ይሁኑ። ስልክ ውስጥ ያለ ሰነድ ባትሪው እስካለ ብቻ ነው።

4. የባቡሩን አልጋ እዚያ ያለው ዘመድ ይግዛ

ትኬቱ በስዊድን መንግሥት የባቡር ድርጅት በኤስ ጄ ድረ ገጽና መተግበሪያ ይሸጣል። ከሐዋሳ ሆናችሁ በብር ካርድ ለመክፈል አትድከሙ፤ ተቀባያችሁ ይግዛና ይላክላችሁ። ቀደም ብሎ የተገዛ ይረክሳል፤ በተለይ በገና ሰሞን እስከ መጨረሻው የጠበቀ ሰው ወንበር ብቻ ነው የሚደርሰው።

ምርጫው ሦስት ነው። አንደኛው ተራ ወንበር ነው፤ ከአዲስ አበባ ሌሊቱን ተቀምጦ ለመጣ ሰው ሁለተኛ ሌሊት በወንበር ማሳለፍ ቅጣት ስለሆነ ለእናቶች በፍጹም አትግዙ። ሁለተኛው ስድስት ሰው የሚተኛበት ክፍል ነው፤ በየግድግዳው ሦስት ሦስት አልጋ ተደራርቦ ይዘረጋል፣ አንሶላና ብርድ ልብስ ይሰጣል። ሦስተኛው ቢበዛ ሦስት ሰው የሚተኛበት ነው፤ የተነጠፈ አልጋና የእጅ መታጠቢያ አለው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። ሴቶች ብቻ የሚያድሩበት ክፍል ስለሚገኝ ሲገዛ መጠየቅ ነው። በዕድሜ ለገፉ ሰው የታችኛውን አልጋ ምረጡ፤ ላይኛው በመሰላል የሚወጣ ነው፣ ሌሊት ለሽንት ሲወረድ ደግሞ ጨለማ ነው።

ትኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ይሁን፤ በቤት ስም አይገዛ። ቀኑ ሊቀየር የሚችል ዓይነት ትኬት ትንሽ ቢወደድም እሱን እመርጣለሁ። አውሮፕላኑ ዘግይቶ ባቡሩ ቢያመልጣችሁ ለባቡሩ ድርጅት ጉዳዩ አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ ውሎች ናቸውና። ባቡሩ ራሱ ከዘገየ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መድረሻችሁ ላይ ከ60 ደቂቃ በላይ ከዘገየ የትኬቱን 25 በመቶ፣ ከ120 ደቂቃ በላይ ከሆነ 50 በመቶ መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ ትኬቱን ከጉዞው በኋላም አትጣሉት።

5. ልብሱን ለሦስት አየር ልበሱ

ሐዋሳ ስትነሱ ፀሐይ ነው፤ አውሮፕላኑና ባቡሩ ውስጥ ሞቃት ነው፤ ሉሌዮ ጣቢያ ላይ ግን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ቢሆን ማንም አይገረምም። አንድ ወፍራም ካፖርት ለዚህ ሁሉ አይበቃም። የሚጠቅመው መደራረብ ነው፦ ከሥር ሰውነት ላይ የሚጣበቅ የሱፍ ወይም የስፖርት ዓይነት ቀጭን ልብስ፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከሁሉ ላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ከሥር ጥጥ አትልበሱ። ጥጥ ላብ ይይዛል፤ ሻንጣ ስትጎትቱ የወጣው ላብ ቆማችሁ ስትጠብቁ ይቀዘቅዝባችኋል።

ጃኬትና ሹራብ ከሰልባጅ ተራ ጥሩ ይገኛል፤ ከአውሮፓ የመጣ ስለሆነ ለዚያው ብርድ የተሰፋ ነው። ዚፑ እስከ አንገት መዘጋቱንና ኮፍያ እንዳለው አይታችሁ ግዙ። ጫማን ግን ለመንገዱ ብቻ የሚሆን፣ ሶሉ ጥርስ ያለው፣ በወፍራም ካልሲ የማያጣብቅ ያዙ፤ ዋናውን የበረዶ ጫማ እዚያ ግዙ። ሚሮርናና የቀይ መስቀል ያገለገሉ ልብሶች መደብሮች በርካሽ ይሸጣሉ። ጣት የሚያጣብቅ ጫማ ደም ያግዳል፤ ቆንጆ ቡት ገዝቶ እግሩ የደነዘዘ ሰው ብዙ ነው።

ጃኬቱ፣ ጓንቱ፣ ኮፍያውና ካልሲው በእጅ ቦርሳ ይሁኑ እንጂ ወደሚጫነው ሻንጣ አይግቡ። ሻንጣ አንድ ቀን ሊዘገይ ይችላል፣ ብርዱ ግን አይጠብቅም። ጋቢ ቦታ ይወስዳል ቢባልም አትተዉት፤ የባቡሩ ብርድ ልብስ ቀጭን ነው። ሻሽ ከኮፍያው ሥር ጆሮን ደህና አድርጎ ይሸፍናል።

6. ሻንጣው፦ ቅቤው ይቅር፣ አሳው ይሂድ

እዚህ ላይ የሐዋሳ ሰው ዕድለኛ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሚገባ መንገደኛ እጅ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ እንዲገባ አይፈቅድም፤ ቋንጣ፣ አይብና ቅቤ በሙሉ ክልክል ናቸው። ንጥር ቅቤ በጣሳ ተበይዶ ቢሆንም ያው ቅቤ ነው። ይወረሳል፣ ቅጣትም ሊያስከትል ይችላል። አሳ ግን ለራስ ፍጆታ እስከ 20 ኪሎ ይፈቀዳል፤ ትኩስ ከሆነ ሆድ ዕቃው የወጣ መሆን አለበት፣ የደረቀም ይገባል።

ታዲያ ከአሞራ ገደል ትኩስ አሳ በበረዶ ሞልታችሁ አትሂዱ። ከሐይቁ ዳር እስከ ሉሌዮ ቤት ያለው መንገድ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ነው፤ የመጨረሻው ሌሊት ደግሞ ማሞቂያ በተለኮሰበት ክፍል ከአምስት እንግዳ ሰዎች ጋር ነው። አጥንቱ የወጣለት ቆሮሶ ወይም አምባዛ በቀጭኑ አስቆርጡ፣ ጨው ነስንሱበት፣ ዝንብ በማያስገባ መረብ ሥር በጥላና በነፋስ እስኪሰበር ድረስ አድርቁት። ሲታጠፍ የሚለመጥ ከሆነ ገና አልደረቀም፤ መንገድ ላይ ይሸታል። ከደረቀ በኋላ አየር በማያስገባ ላስቲክ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅልላችሁ በሚጫነው ሻንጣ መሃል አስቀምጡ። የእኛ በጋ ደረቅ ስለሆነ ታኅሣሥና ጥር ለዚህ ይመቻሉ።

ለቅቤው መላ አለው። ስዊድን ቅቤ ሞልቷል፤ የሌለው ማንጠሪያ ቅመሙ ነው። ደረቅ ኮሰረት፣ ኮረሪማና አብሽ ያዙና እዚያው አንጥሩት። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽና ለአራስ ገንፎ የሚሆን ደረቅ ቡላ ችግር የለባቸውም፤ የቡላው ማሸጊያ ግን ጥብቅ ይሁን፣ ሲፈስ ነጭ ዱቄት ነውና ፍተሻ ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ማር እስከ 2 ኪሎ ይገባል። እርጥብ ጤና አዳም፣ አቮካዶ፣ ሎሚና የጎመን ዘር ግን የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ከሌላቸው አይገቡም።

ጫት ስዊድን ውስጥ እንደ አደንዛዥ ዕፅ የሚታይ ወንጀል ነው፤ ትንሽም ትሁን ደረቅ። ከዚህ ጋር የሚያያዘው የአደራ ዕቃ ነው። ጎረቤት «ለልጄ ይቺን ብቻ» ብሎ የሚያመጣውን ጥቅል ፊቱ ከፍታችሁ፣ አውጥታችሁ፣ አይታችሁ፣ እናንተ ራሳችሁ መልሳችሁ እሰሩት። የሚቀየም ይቀየም። «አደራ ነው፣ ምን እንዳለበት አላውቅም» የሚል መልስ ጉምሩክ ፊት ዋጋ የለውም።

መድኃኒት በእጅ ቦርሳ፣ ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው ይሁን፤ ማዘዣው በእንግሊዝኛ ቢሆን ይመረጣል።

የኪሎ ፈቃዱን ትኬታችሁ ላይ እዩ። ፈቀደም አልፈቀደም ግን አውሮፕላኑ ሻንጣ ይጭንላችኋል፣ ባቡሩ አይጭንላችሁም። ብቻችሁን ደረጃ ላይ ከፍ ማድረግ የማትችሉትን ሻንጣ አትያዙ። ቤት ውስጥ ሞክሩት፦ ሁለቱን ሻንጣ ይዛችሁ ሦስት ደረጃ ውጡ። ካቃታችሁ ቀንሱ።

7. ከሐዋሳ አንድ ቀን ቀድማችሁ ውጡ

ከሐዋሳ አዲስ አበባ በመኪና 275 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የፍጥነት መንገዱ ባለበት ይፈጥናል፣ ሻሸመኔ ላይ ይጨናነቃል፤ በዚያው ዕለት ተነስቶ በዚያው ሌሊት መብረር አይመከርም። በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ የሐዋሳውና የስቶክሆልሙ በረራ በአንድ ትኬት ላይ ይሁኑ። የሐዋሳው ከዘገየ ማስተካከሉ የአየር መንገዱ ፋንታ ይሆናል፣ ሻንጣውም እስከ መጨረሻው ሊላክ ይችላል። ለየብቻ ከተገዙ ኪሳራው የእናንተ ነው።

8. አርላንዳ፦ ረጅሙ ቀን

ድንበሩን ካለፋችሁና ሻንጣ ከወሰዳችሁ በኋላ «ስካይ ሲቲ» የሚለውን ምልክት ተከተሉ። በተርሚናል 4ና 5 መካከል ያለ ቤት ውስጥ አደባባይ ነው፤ የባቡር ጣቢያው «አርላንዳ ሴ» ከሥሩ ነው። ትኬት ሲገዛ መነሻውን አርላንዳ ማድረግ ከተቻለ አድርጉት፤ ከተማ ገብቶ መመለሱ ለሻንጣ ሸክም ካልሆነ ምንም አይጠቅምም። ትኬታችሁ ላይ «ስቶክሆልም ሴንትራል» ከተጻፈ ግን ወደ ከተማ ለመግባት ሁለት ባቡር አለ፦ ፈጣኑና ውዱ «አርላንዳ ኤክስፕረስ»፣ ረከስ የሚለው ደግሞ የከተማው ተመላላሽ ባቡር። ጊዜ ሞልቷችኋል፤ በርካሹ ሂዱ።

ገንዘቡ ክሮና ነው እንጂ ዩሮ አይደለም፤ ብዙ ቦታ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። የጣቢያ መጸዳጃ ቤት እንኳ በካርድ የሚከፈልበት አለ። ካርድ ከሌላችሁ ተቀባያችሁ ምግባችሁን እንዴት እንደምትገዙ አስቀድሞ ያስብበት፤ ካልሆነም ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎና ዳቦ ከቤት ይያዝ። ዘመድ በድሮ ጉዞው ያቆየውን የክሮና ኖት ቢሰጣችሁ አትመኩበት፤ አሮጌዎቹ ኖቶች በ2016 እና በ2017 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከገበያ ወጥተዋል።

በዚህ ቀን ተኙ እንጂ አትዙሩ። ሻንጣው ላይ እጃችሁን አስራችሁ በየተራ፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ የስልክ ደወል ሞልታችሁ።

9. ባቡሩ ላይ

ከመነሻው ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ሰሌዳው ፊት ቁሙ። ሦስት ቃል ይበቃችኋል፦ «ስፖር» የሐዲዱ ቁጥር፣ «ቫግን» የፉርጎው ቁጥር፣ «ፕላትስ» የአልጋው ቁጥር። ሁለት መጥፎ ቃላትም አሉ፦ «ፎርሴናድ» ዘግይቷል፣ «ኢንስቴልድ» ተሰርዟል። የተሰረዘ ከሆነ ከጣቢያው አትራቁ፤ ሌላ ባቡር ወይም አውቶቡስ ሲመደብ የሚነገረው እዚያ ነው።

የባቡሩ ርዝመት አያስደንግጣችሁ፣ ግን አትናቁት። የተሳሳተ ፉርጎ በር ላይ ከቆማችሁ ባቡሩ ሲመጣ ከነሻንጣችሁ መሮጥ ይሆናል፤ በበረዶ ላይ መሮጥ ደግሞ አጥንት ያሰብራል። ፉርጎአችሁ የት እንደሚቆም ሰሌዳው በፊደል ያሳያል። ካልገባችሁ ትኬቱን ለቆመ ሰው አሳዩ፤ ስዊድኖች ቀድመው አያናግሩም እንጂ ሲጠየቁ ደግ ናቸው። ሁሉም ካቃተ በቀረባችሁ በር ግቡና ከውስጥ ሂዱ። በሩ ቁልፉን ሲጫኑት የሚከፈት ነው፤ በራሱ ይከፈታል ብላችሁ አትጠብቁ።

ትልቁን ሻንጣ ከታችኛው አልጋ ሥር ግፉት፤ ካልገባ የሻንጣ መደርደሪያ አለ። ፓስፖርት፣ ገንዘብና ስልክ ትራስ ሥር ሳይሆን ልብስ ውስጥ ይደሩ። የክፍሉ በር ከውስጥ ይቆለፋል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ነጠላ ጫማ ከእጅ ቦርሳ አውጡ። ምግብ መብላት ይቻላል፣ ወጥ መክፈት ግን ይቅርባችሁ፤ በዚያች ጠባብ ክፍል የበርበሬ ሽታ ለእኛ ቤት ነው፣ ለሌላው እንቅልፍ ማጣት ነው።

ደወላችሁን ከመድረሻው አንድ ሰዓት ቀድሞ ሙሉ። ባቡሩ ዘግይቶ ይሆናል፤ ቀድሞ ግን ሊደርስ እንደማይችል አትማሉ። የልብሱን ድርድር መልበስ ራሱ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። በሩ ከመከፈቱ በፊት ኮፍያና ጓንት ይደረግ። ስልክ በብርድ ባትሪው ቶሎ ይወድቃል፤ በውስጥ ኪስ ያዙት፣ የተቀባዩን ቁጥርና አድራሻም በወረቀት።

10. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

መጀመሪያ የሚገዛው ነገር ጫማ ላይ የሚታሰር የብረት ጥርስ ነው፤ በስፖርት ዕቃ መደብርም በሌሎች ሱቆችም በርካሽ ይገኛል። በዚያ አገር ለአዲስ ሰው ከብርዱ ይልቅ የሚያስፈራው መውደቅ ነው። ትናንት ቀልጦ ዛሬ የረጋ፣ ከላዩ ቀጭን በረዶ የለበሰ መንገድ ከሁሉ ይብሳል። እርምጃ አሳጥሩ፣ እጃችሁን ከኪስ አውጡ።

ሁለተኛው ጨለማው ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ ሉሌዮ የሚያገኘው ብርሃን ሦስት ሰዓት ያህል፣ ኡሜዮ አራት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ኪሩና ለሳምንታት ፀሐይ አትወጣም። በምሳ ሰዓት ግድ ውጡ፣ ደመና ቢሆንም። ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ቫይታሚን ዲ በቀላሉ ስለማያገኝ ስለ መጠኑ ሐኪም ጠይቁ። ማሞቂያው አየሩን ያደርቃል፤ ቫዝሊን ከንፈርና እጅ ላይ ይቀባ፣ ውሃ ይጠጣ። ሕመም ቢገጥም ምክር የሚጠየቀው 1177 ላይ ነው፤ ለአስቸኳይ አደጋ 112። ሁለቱን በትልቁ ጽፋችሁ የማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉ፤ አራስና ሕፃን ባለበት ቤት በተለይ።

ቤተሰብ ስትደውሉ ሐዋሳ በሁለት ሰዓት እንደቀደመች አስቡ፤ እዚያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን አሞራ ገደል ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው፣ እናት ተኝተዋል።

የመመለሻውን ባቡር ደግሞ በመጨረሻው ሳምንት ሳይሆን አሁኑኑ ያዙ፤ በረዶ እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ሐዲዱን ሊያዘገይ ይችላል። አውሮፕላኑ ከሚነሳበት ቀን በፊት ቢያንስ አንድ ሌሊት ስቶክሆልም እንድታድሩ አድርጋችሁ አስሉ፤ ያ ሌሊትም ከ90ው ቀን ውስጥ መቆጠሩን አይታችሁ።